ኮን ላይ «ወደቀ» የተባለው አጎበር በእውነት ወድቋል?

እጭ_ቆጣሪ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ትንኝ የሚረባበት ቤተ ሙከራ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራዬን እወደዋለሁ። ሰሞኑን ግን አንድ ጉዳይ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ሁለት ኬሚካል የያዘ አዲስ ዓይነት አጎበር ለፍተሻ መጣልን። አልፋ ሳይፐርሜትሪንና ክሎርፌናፒር ያለበት ነው። እንደለመድነው በኮን ሞከርነው። የማታውቁት ካላችሁ፣ የፕላስቲክ ኮን የአጎበሩ ቁራጭ ላይ ይደፋል። 5 ሴት ትንኞች ይገባሉ። 3 ደቂቃ ይቆዩና ስኳር ውሃ ወዳለበት ኩባያ ይዛወራሉ። ከ1 ሰዓት በኋላ መብረር አቅቷቸው የወደቁትን፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የሞቱትን እንቆጥራለን።

መድኃኒት ያልለመዱት የኪሱሙ ዝርያ ትንኞች አለቁ። መድኃኒት የለመዱትን ኩባያ በማግስቱ ሳነሳ ግን አብዛኞቹ ይበራሉ። ኃላፊዬ አየና መዝገቡ ላይ «ወድቋል» ብሎ ጻፈ። ምክንያቱም የሞቱት 80% አልደረሱም።

ልቤ አልተቀበለውም። ይህ ወረቀት የትኛው አጎበር ለሰው እንደሚታደል የሚወስኑ ሰዎች እጅ ይገባል። ከተሳሳትን የሚጎዳው እኔም ኃላፊዬም አይደለንም፤ ከሥሩ የሚተኛው ልጅ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ማለዳ

ክሎርፌናፒር ያለበትን በ24 ሰዓት ነው ያነበባችሁት? ትንኞቹ አሁን የት ናቸው?

እጭ_ቆጣሪ

ቆጥረን ስንጨርስ በሕይወት የቀሩትን ፍሪዘር ውስጥ ከተትናቸው። ሁሌም እንደዚያ ነው የምናደርገው። ለምን ጠየቅሽኝ?

ማለዳ

72 ሰዓት መጠበቅ ነበረባችሁ። ብዙዎቹ የሚሞቱት በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ግን የቀኑ ነገር ብቻ አይደለም፣ ኮኑ ራሱም ችግር አለበት። የጎጆ_ሰው ቢያየው ደስ ይለኛል፤ ከእኔ በተሻለ እሱ ያስረዳል።

የጎጆ_ሰው

መጣሁ። እህቴ፣ ብዙ ሰው ሳይጠይቀው የሚያልፈውን ነገር ነው የጠየቅሽው። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ኬሚካሉ ትንኟን በምን እንደሚገድል ማወቅ ያስፈልጋል። ለብዙ ዓመታት አጎበር ላይ የነበረው ፓይረትሮይድ ብቻ ነው። ፐርሜትሪን፣ ዴልታሜትሪን፣ አልፋ ሳይፐርሜትሪን፣ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የሚመቱት ነርቭን ነው። የነርቭ ሴል ላይ ሶዲየም የሚያልፍበት በር አለ። ፓይረትሮይድ ያንን በር ከፍቶ ይይዘዋል። ትንኟ ትንቀጠቀጣለች፣ ትወድቃለች፣ ትሞታለች። ነገሩ በደቂቃና በሰዓት ያልቃል። የኮን ሙከራ ለዚህ ዓይነት መርዝ በልኩ የተሰፋ ልብስ ነው።

ትንኞች ፓይረትሮይድን በዋናነት በሁለት መንገድ ለመዱት። አንደኛው፣ ያ የሶዲየም በር ቅርጹን ቀየረ። ኬዲአር የምንለው ለውጥ ይህ ነው፤ መድኃኒቱ በሩን አጥብቆ መያዝ አቃተው። ሁለተኛው፣ ፒ450 የሚባሉ ኢንዛይሞች በዙ። እነዚህ መርዙን ነርቭ ጋ ሳይደርስ ይሰባብሩታል። በተጨማሪ የውጭ ሽፋናቸው ወፍሮ መርዙ ቶሎ የማይገባባቸውም አሉ።

ክሎርፌናፒር መንገዱ ሌላ ነው። ነርቭን አይነካም። ትንኟ ውስጥ ሲገባ ገና ብዙም መርዛማ አይደለም። ወደ ገዳይነት የሚለውጡት እነዚያው ፒ450 ኢንዛይሞች ናቸው። ፓይረትሮይድን ለመስበር ያበዛችው መሣሪያ ይህኛውን መርዝ ያነቃባታል ማለት ነው። ይህን መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ምን ያህል እንደተደሰትኩ አሁንም አስታውሰዋለሁ። መርዙ ከነቃ በኋላ ሴሉ ኃይል የሚያመርትበትን ሚቶኮንድሪያ ያውካል። ጉልበቷ ቀስ እያለ ይሟጠጣል። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን።

አሁን ኮኑን አስቢው። ቀን ነው። የወባ ትንኝ ደግሞ የሌሊት ፍጥረት ናት፤ ቀን ታርፋለች። 3 ደቂቃ ብቻ ነካችው። ደም ፍለጋ አልበረረችም፣ አልታገለችም። ኃይሏን እያወጣች ያልሆነች ትንኝ ላይ ኃይል የሚያቋርጥ መርዝ እንዴት ይታይ? ሙከራው ሌሊት ሲሆንና ሙቀቱ ከፍ ሲል ክሎርፌናፒር አብልጦ እንደሚገድል ታይቷል። ቀን፣ እረፍት ላይ፣ ለ3 ደቂቃ ከሞከርሽው ግን የአጎበሩን ግማሽ ነው የፈተሽሽው። ኮናችሁ የነገራችሁ አልፋ ሳይፐርሜትሪኑ ብቻውን የለመዱትን ትንኞች እንደማይገድል ነው። እሱን ደግሞ ቀድማችሁም ታውቁ ነበር።

እጭ_ቆጣሪ

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ታዲያ በምን ልፈትሸው? ታነሉ እኛ ጋ አለ፤ ግን አቧራ ለብሶ ነው የተቀመጠው። አድካሚ ነው ብለው ማንም አይነካውም።

የጎጆ_ሰው

አቧራውን ጥረጊው። እውነት ነው ያደክማል፤ ለዚህ አጎበር ግን ሌላ አማራጭ የለሽም።

60 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም የመስታወት ሳጥን ነው። አፉ 25 በ25። የአጎበሩን ቁራጭ ከርዝመቱ አንድ ሦስተኛው ላይ ትወጥሪና 9 ቀዳዳ ታበጂለታለሽ፤ እያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር። በአንዱ ወገን ጊኒ ፒግ ወይም ጥንቸል ይቀመጣል። በሌላው ወገን 100 ሴት ትንኞች ምሽት 12 ሰዓት ላይ ትለቂያለሽ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ትሰበስቢያለሽ። ሌሊቱን ሙሉ ወደ ደም ለመድረስ አጎበሩን ሲነኩ፣ ሲመለሱ፣ ቀዳዳ ሲፈልጉ ያድራሉ። ቤት ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ስንቷ እንዳለፈች፣ ስንቷ ደም እንደጠጣች፣ ስንቷ እንደሞተች ትጽፊያለሽ። በሕይወት ያሉትን አትጣያቸው። እስከ 72 ሰዓት በየቀኑ ቁጠሪ።

አደራ፣ የደም መጥባቱን ቁጥር እንደ ትርፍ ነገር አትይው። ባትሞትም ሳትነክስ የቀረች ትንኝ ማለት በዚያች ሌሊት አንድ ሰው ዳነ ማለት ነው።

ጤና_ጣቢያ

ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። እኔ የቤተ ሙከራ ሰው አይደለሁም፤ ነርስ ነኝ። በቀደም አንዲት እናት «ትንኟ አጎበሩ ላይ አርፋ አየኋት፣ አልሞተችም፣ በርራ ሄደች። ታዲያ ይሄን ጨርቅ ለምን እሰቅለዋለሁ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ትንኞቹ መድኃኒቱን ለምደዋል የሚለው ወሬ ደርሷታል። እናንተም እዚህ የምትሉት ያንኑ ይመስለኛል። ምን ልበላት?

የጎጆ_ሰው

ይህን ጥያቄ ስለጠየቅሽ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ሌሊቱን በሙከራ ጎጆ ነው የኖርኩት፤ የማየውን ልንገርሽ።

የሙከራ ጎጆ ተራ ቤት ይመስላል። ትንኞች በጣሪያውና በግድግዳው መሐል ባለው ክፍተት ይገባሉ። ለመውጣት የሚሞክሩት መያዣ ውስጥ ይቀራሉ። በዙሪያው ውሃ የሚተኛበት ቦይ አለ። ለጉንዳን ነው፤ ጉንዳን ከገባ የሞቱትን ትንኞች ሳንቆጥራቸው ይወስድብናል። አጎበሩን ሆን ብለን 6 ቦታ እንቀደዋለን፣ 4 በ4 ሳንቲ ሜትር። ያረጀ አጎበር እንዲመስል ነው። ሰው ከሥሩ ይተኛል። ጠዋት ክፍሉን በእጅ ባትሪ እየፈተሽን ትንኞቹን አንድ በአንድ እንለቅማለን። ሞታለች ወይስ አልሞተችም? ደም አላት ወይስ የላትም? የትኛውም ተኚ ወይም ጎጆ ውጤቱን እንዳያዛባው ተኚዎቹና አጎበሮቹ በየጊዜው ይዘዋወራሉ።

በፓይረትሮይድ ብቻ የተነከረ አጎበር፣ ትንኞቹ በጣም በለመዱበት ቦታ፣ ብዙ አይገድልም። ይህን አልደብቅሽም። ግን እናትየው ያየቻት ትንኝ በርራ ሄደች እንጂ ልጇን አልነከሰችም። ያልተቀደደ አጎበር ምንም ኬሚካል ባይኖረው እንኳ ግድግዳ ነው። ይህን በልልኝ፤ አጎበሩ መጀመሪያ ግድግዳ ነው፣ ቀጥሎ መርዝ ነው።

ማለዳ

አንድ ነገር ልጨምር። ትንኟ በርራ ስትሄድ ደህና ናት ማለት አይደለም። የወባ ተውሳክ ትንኟ ውስጥ ገብቶ ወደ ሌላ ሰው ለመተላለፍ እስኪበቃ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። በእነዚያ ቀናት ደም ፍለጋ በየጥቂት ሌሊቱ ትመጣለች። በየቤቱ አጎበር ካለ በመጣች ቁጥር ትነካዋለች። ወዲያው ባይገድላትም ዕድሜዋን ሊያሳጥረው ይችላል። ዛሬ ያልሞተች፣ ተውሳኩ ሳይበስል ከሞተች በቂ ነው።

ደግሞ ዛሬ ላይ የቆምነው አጎበር ባደረገው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2015 በአፍሪካ 663 ሚሊዮን ሰው በወባ ከመታመም እንደዳነ ተሰልቷል። ከዚህ ውስጥ 68 በመቶው የአጎበር ድርሻ ነው። ያም ሆኖ በ2023 በዓለም ላይ 597,000 ሰው በወባ ሞቷል። ስለዚህ ወሬው እውነት ነው፣ «ጨርቅ ነው» የሚለው ግን እውነት አይደለም።

ጤና_ጣቢያ

«መጀመሪያ ግድግዳ ነው፣ ቀጥሎ መርዝ ነው።» ይህንን ነው የምነግራት። እናንተን ያቆይልኝ።

ስሌት

እኔ ቁጥር ላይ ነው የምሠራው፤ ከመነሻው ጽሑፍ አንድ ነገር ቆርቁሮኛል። 80% የሚለው መስፈርት ለየትኞቹ ትንኞች ነው የወጣው?

የዓለም ጤና ድርጅት ለኮን ያስቀመጠው መስፈርት በ1 ሰዓት 95% መውደቅ፣ ወይም በ24 ሰዓት 80% መሞት ነው። ይህ የተሠራው መድኃኒት ላልለመዱ ትንኞች ነው። የሚጠይቀውም አንድ ነገር ነው፤ አጎበሩ ላይ በቂ መድኃኒት አለ ወይ? በተለይ 20 ጊዜ ከታጠበ በኋላ። ያንን ልክ አንስቶ የለመዱት ትንኞች ላይ «አለፈ፣ ወደቀ» ማለት አይቻልም። በኪሎ መለኪያ ርዝመት እንደመለካት ነው።

በቱቦ የምንሠራው ሙከራ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለው። መድኃኒት በተቀባ ወረቀት ላይ ትንኞቹ 1 ሰዓት ይቆያሉ። በ24 ሰዓት 98% ወይም ከዚያ በላይ ከሞቱ አልለመዱም ይባላል። ከ90% በታች ከሞቱ ለምደዋል ይባላል። በመሐል ያለው ይደገማል። የሚለካው የትንኞቹን መልመድ ነው፤ የአጎበሩን ጥንካሬ አይደለም። ወረቀቱ ላይ ያለው መጠንም አጎበሩ ላይ ካለው ጋር አንድ አይደለም። ሰዎች «በዚህ አካባቢ ትንኞቹ ለምደዋል» የሚለውን ሰምተው «እንግዲያው አጎበሩ አይሠራም» ይላሉ። በሁለቱ መሐል ረጅም መንገድ አለ።

የለመዱ ትንኞች ላይ መመዘን የሚቻለው በማወዳደር ብቻ ነው። እህታችን፣ ያንኑ ቀን፣ ከአንድ ሣጥን በወጡ ትንኞች፣ በፓይረትሮይድ ብቻ የተነከረውን አጎበር ጎን ለጎን ሞክራችሁት ነበር?

እጭ_ቆጣሪ

አልሞከርነውም። ምንም ያልተነከረ ማነጻጸሪያ ነበረን፤ እሱ ላይ የሞቱት በጣም ጥቂት ናቸው። ፓይረትሮይድ ብቻውን ያለበትን ግን አላስገባነውም።

ስሌት

እንግዲያው ገና ያልተመለሰው ጥያቄ ይሄ ነው። ሦስት ያስፈልግሻል፤ ያልተነከረ፣ ፓይረትሮይድ ብቻ ያለው፣ እና አዲሱ። አዲሱ ከሁለተኛው ካልበለጠ ያኔ መነጋገር ይቻላል።

ያልተነከረው ላይ የሚሞቱትም ይጠቅሙሻል። 72 ሰዓት ስትጠብቂ በራሳቸው ምክንያት የሚሞቱ ይበዛሉ። ትንሽ ከሆኑ በአቦት ቀመር (በራሳቸው የሞቱትን ከውጤቱ በሚቀንሰው ስሌት) ታስተካክያለሽ። ለሙከራው ከተፈቀደው ልክ ካለፉ ግን ያንን ሌሊት ጥለሽ ድገሚው። እዚህ ላይ ማንም እንዳይለምንሽ። የተበላሸ ሌሊትን «ይሁን» ብሎ ማሳለፍ ውሎ አድሮ ሰው ይጎዳል።

ሜዳ_ላይ

እኔ በዚህ ሁሉ አልስማማም። ኮኑም፣ ታነሉም፣ ጎጆውም ትንኝ ነው የሚቆጥሩት። ማወቅ የምንፈልገው ልጆች መታመማቸው ቀነሰ ወይ የሚለውን ነው። እሱን የሚመልሰው በመንደር ደረጃ የሚሠራ ሙከራ ብቻ ነው።

ታንዛኒያ ሙሌባ ላይ ፒቢኦ የተጨመረበት አጎበር ከተራው በልጦ ታየ። ፒቢኦ እነዚያን ፒ450 ኢንዛይሞች የሚያፍን ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የተቀበለው ያንን አይቶ ነው። ከዚያ እዚያው ታንዛኒያ፣ ሚሱንግዊ ላይ አራት ዓይነት አጎበር ጎን ለጎን ተፈተነ። ከ2 ዓመት በኋላ ተራውን አጎበር ካገኙት ልጆች 45.8% የወባ ተውሳክ ተገኘባቸው። ክሎርፌናፒር ያለበትን ካገኙት ግን 25.6%። ቤኒን ላይም የክሎርፌናፒሩ አጎበር በሁለት ዓመት ውስጥ የሕመሙን ቁጥር ወደ ግማሽ በሚጠጋ ቀነሰው። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ፓይረትሮይድ በተለመደባቸው ቦታዎች ከተራው ይልቅ ይህ እንዲሰጥ መከረ። ታዲያ አንድ ኮን ከዚህ በላይ ምን ይነግረናል?

ማለዳ

ወንድሜ፣ ያልከው ሁሉ ልክ ነው፤ መደምደሚያው ላይ ነው የማልስማማው። የመንደር ሙከራ ዓመታት ይፈጃል። ፋብሪካው በየጊዜው የሚልከውን አጎበር በመንደር ልትፈትነው አትችልም። ሁለት ዓመት የተሰቀለ አጎበር ላይ መድኃኒቱ አለ ወይስ ረግፏል የሚለውንም መንደሩ ቶሎ አይነግርህም። ይህን የሚነግርህ እሷ የምትሠራው ሥራ ነው።

ከሚሱንግዊ ሌላም ትምህርት አለ። ፒቢኦ ያለው አጎበር በመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ከተራው የነበረው ብልጫ ጠበበ። ፒቢኦው ከጨርቁ ላይ ቀድሞ ያልቃል፣ አጎበሩም ይቀደዳል። እኔ ሁሌም የምለው፣ አዲስ አጎበር ፈትሾ ማቆም ትርጉም የለውም። ሰው ቤት የኖረውን አምጥቶ መፈተሽ ነው። በ6 ወር፣ በ12፣ በ24፣ በ36። ቀዳዳውን መቁጠር፣ መጠኑን መለካት፣ ከዚያ የለመዱ ትንኞች ላይ መሞከር። አጎበር 3 ዓመት ይቆያል ተብሎ ነው የሚታደለው። የ3 ዓመቱን አጎበር ያላየ ሰው አጎበሩን አላየውም።

ሜዳ_ላይ

የኖረውን አጎበር መፈተሽ የሚለው ላይ እጄን ሰጥቻለሁ። እሱ ላይ ተስማምተናል።

ማለዳ

እጭ_ቆጣሪ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እንዳትከፊብኝ። የለመዱት ትንኞቻችሁ አሁንም የለመዱ መሆናቸውን በምን ታውቃላችሁ?

የምጠይቅሽ ስለደረሰብኝ ነው። በፊት የነበርኩበት ቤተ ሙከራ «የለመደ» የሚል የተጻፈበት የትንኝ ሣጥን ነበር። ከሜዳ ሲመጡ በእርግጥ የለመዱ ነበሩ። ከዚያ ትውልድ በትውልድ መድኃኒት ሳይነካቸው፣ ስኳር ውሃ እየጠጡ ኖሩ። መልመድ ለትንኟ ሸክም ሊሆንባት ይችላል፤ መድኃኒቱ ከሌለ ያልለመዱት እየበዙ ይሄዳሉ። ወራት ሠርተን፣ የሁሉም አጎበር ውጤት ሲያምር ተደሰትን። አንድ ቀን በቱቦ ስንፈትሻቸው በሙሉ ማለት ይቻላል ሞቱ። የወራት ሥራ ነው የተጣለው። ያን ቀን ቢሮ ገብቼ አለቀስኩ። ስሙ ሣጥኑ ላይ ስለተለጠፈ ብቻ አምነን ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ለመድኃኒት አጋልጣቸዋለሁ፣ የተረፉትን አረባለሁ። ከእያንዳንዱ ትልቅ ሙከራ በፊትም በቱቦ እፈትሻለሁ። ሁለቱን ዝርያዎች አንድ ክፍል ውስጥ አላስቀምጥም። አንዲት ትንኝ ካመለጠች ዝርያው ይደባለቃል።

የጎጆ_ሰው

ማለዳ ያለችው የእኔም ቁስል ነው። እኔ ደግሞ ስለ እጅና መሣሪያ ልጨምር። የተነከረውን አጎበር በያዝሽበት ጓንት ያልተነከረውን አትንኪ። ትንኝ የምትስቢበት መምጠጫ ቱቦም ለየብቻ ይሁን፤ ለማነጻጸሪያው አንድ፣ ለተነከረው ሌላ። ሥራውን ከማነጻጸሪያው ጀምሪ። የታነሉን መስታወት በደንብ እጠቢና አንድ ሌሊት ያልተነከረ ቁራጭ አድርገሽ ሞክሪው። የሚሞቱት ከበዙ መስታወቱ አልጠራም ማለት ነው።

ሙቀትና እርጥበቱንም በየሰዓቱ ጻፊ። 27 ዲግሪ፣ ከዚያ ሁለት ቢበዛ ወይም ቢያንስ። ለክሎርፌናፒር ይህ ከሌላው ይበልጥ ወሳኝ ነው፤ ክፍሉ ሌሊት ከቀዘቀዘ ውጤቱም ይቀዘቅዛል።

እጭ_ቆጣሪ

አልከፋኝም፤ እንዲያውም ደነገጥኩ። በቱቦ የተፈተሹት እኔ ከመቀጠሬ በፊት ነው። ነገ ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ እሱ ነው።

ጤና_ጣቢያ

ስለ ማጠብ ያነሳችሁትን ትንሽ ብታስረዱኝ። ሰው አጎበሩን አጥቦ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ያ ችግር አለው?

ስሌት

አለው። እኛ ስንፈትሽ 20 ጊዜ ነው የምናጥበው፤ በቀላል ሳሙና፣ በ30 ዲግሪ ውሃ፣ ለ10 ደቂቃ። አጎበሩ ይህን አልፎ መሥራት አለበት። ሰው ቤት ግን ጠንካራ ሳሙና አለ፣ ድንጋይ ላይ ማሸት አለ፣ በረኪና አለ። እነዚህ መድኃኒቱንም ክሩንም ይጎዳሉ። ቀጥታ ፀሐይም መድኃኒቱን ይሰብረዋል። ስለዚህ በቀላል ሳሙና፣ በለስላሳው፣ ሲቆሽሽ ብቻ ይታጠብ። ጥላ ውስጥ ይሰጣ። አዲስ ሲከፈትም ከመተኛት በፊት አንድ ቀን ጥላ ውስጥ ይናፈስ። ቀዳዳ ሲያዩ ይስፉት፤ የተሰፋው ቦታ ትንኝ አያሳልፍም።

ሜዳ_ላይ

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር። ክሎርፌናፒርንስ ነገ ቢለምዱትስ? ፓይረትሮይድንም አይለምዱትም ብለን ነበር።

የጎጆ_ሰው

የምፈራው እሱን ነው። ለዚህም ነው «ወደቀ» የሚል ቃል በቀላሉ እንዲጻፍ የማልፈልገው፣ «አለፈ» የሚልም በቀላሉ እንዲጻፍ የማልፈልገው። እውነተኛው መልመድ ሲመጣ ቶሎ ልናየው ይገባል። ሙከራችን መርዙን የማያሳይ ከሆነ መልመዱንም አያሳየንም። ፒሪፕሮክሲፌን ያለበትም አጎበር እንደዚሁ ነው። እሱ ትንኟን ከመግደል ይልቅ ያመክናታል። በ24 ሰዓት የሞተውን የሚቆጥር ሰው ምንም አያይም፤ የእንቁላል ዕጢዋን ከፍቶ ማየት አለበት። መጀመሪያ መርዙ ምን እንደሚያደርግ ይጠየቃል፣ ከዚያ ነው ሙከራው የሚመረጠው።

እጭ_ቆጣሪ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ቃል የገባሁትን ሠርቻለሁ።

ትንኞቹን በቱቦ ፈተሽናቸው። አሁንም የለመዱ ናቸው። ስሰማ እፎይ ነው ያልኩት። ከዚያ ታነሉን አጠብነው፣ ባዶውን አንድ ሌሊት ሞከርነው። የመጀመሪያውን እውነተኛ ሌሊት ግን ጣልነው። ያልተነከረው ላይ የሞቱት በዙ፤ ክፍሉ ውስጥ እርጥበት ሰጪው ቆሞ ነበር። ስሌት፣ እርስዎ ያሉትን ባላስታውስ ኖሮ «ይሁን» ብለን እናልፈው ነበር።

ከዚያ ሦስቱን አጎበሮች ጎን ለጎን ሞከርናቸው። ፓይረትሮይድ ብቻ ያለው ላይ ጠዋት ስሰበስብ ብዙዎቹ በሕይወት ነበሩ፤ በሦስተኛው ቀንም ያው ነበሩ። አዲሱ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ጠዋት የሚያጓጓ አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ኩባያዎቹ ጸጥ ማለት ጀመሩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኩባያውን አነሳሁና መታ መታ አደረግሁት። የተነሳች የለችም ለማለት ትንሽ ነው የቀረኝ። ኃላፊዬን ጠርቼ አሳየሁት። ቆሞ አየ፣ ራሱም ቆጠረ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ከመጀመሪያው ጀምሮ አስረጂኝ አለኝ። እዚህ የጻፋችሁልኝን አስረዳሁት።

«ወድቋል» የሚለው ተሰርዟል። በቦታው የገባው የትኞቹ ትንኞች፣ በየትኛው ሙከራ፣ በስንት ሰዓት የሚለው ነው። ከዚህ በኋላ ሁለት ኬሚካል ያለበት አጎበር በሙሉ በታነል ይሁን፣ እስከ 72 ሰዓት ይቆጠር ብሎ ፈርሟል።

አሁን የቀረን 20 ጊዜ የታጠበው ነው። ማጠቡን ትናንት ጨርሰናል። ነገ ምሽት 12 ሰዓት ላይ እንለቃለን።

ማለዳ

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። የእርጥበት ሰጪውን ነገር አደራ፣ ከመልቀቃችሁ በፊት እዪው። ያልተነከረውን ቁጥር መጀመሪያ ጻፊልን።

ጤና_ጣቢያ

ያቺ እናት ትናንት መጣች። አጎበሩን ሰፍታ ሰቅላዋለች።